ከቤቱ የወጣ ተውኔት፤ የቴሌቪዥን ኮሜዲና የመኖሪያ ቦታው

ተመልካች በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት የሚጎበኘው ቤት አለ። ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ሶፋው የት እንደተቀመጠ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ደረጃው ወዴት እንደሚያወጣ ግን ከገዛ ቤቱ ባላነሰ ያውቀዋል። በቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ ታሪክ ውስጥ ይህ የታወቀ ቤት ያለው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ገጸ ባሕርያቱ ሻንጣቸውን አሥረው ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ የተጓዙባቸው ክፍሎች በቀረቡ ቁጥር፣ ደራስያኑ የሚጽፉት ቢያልቅባቸው ነው ጉዞ የጀመሩት፣ ተውኔቱም አለቀለት የሚል ሐሜት ሲከተላቸው ኖሯል። ሐሜቱ የብዙ ባለሙያዎችን ስም የነካ በመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ማስረጃ ሲቀርብበት የሚቆም አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቦታ ነገር በተውኔት ዓለም አዲስ ክርክር አይደለም። ኢጣሊያዊው ሐያሲ ሎዶቪኮ ካስተልቬትሮ በ1570 ባሳተመው የአርስቶትል ድርሰት ማብራሪያ ላይ፣ አንድ ተውኔት በአንድ ቦታ መፈጸም አለበት የሚለውን ሕግ ደነገገ። ሕጉን የአርስቶትል ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። አርስቶትል ግን ስለ ድርጊት አንድነት አጥብቆ ከመናገሩ በቀር ስለ ቦታ አንድነት የደነገገው ነገር የለም። የካስተልቬትሮ ሐሳብ ተመልካች የተቀመጠበትን አዳራሽ ሳይለቅ መድረኩ ከአገር ወደ አገር ቢዘል አያምንም የሚል ነበር። ሐሳቡ በተለይ በፈረንሳይ መድረክ ለረጅም ዘመን ከገዛ በኋላ ተሻረ። ቴሌቪዥን መልሶ ሲያነግሠው ግን ምክንያቱ ፍልስፍና አልነበረም።

የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የራዲዮ ልጅ ነው። በራዲዮ ዘመን ጉዞ ምንም አያስወጣም ነበር፤ የባቡር ፉጨት ከተሰማ ቺካጎ፣ የአኮርዲዮን ዜማ ከተሰማ ፓሪስ ተደረሰ ማለት ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ያ ነፃነት ቀረ። እያንዳንዱ ግድግዳ በአናጢ ተመትቶ፣ በቀለም ተቀብቶ፣ መብራት ተደግኖበት የሚቆም ሆነ። ስለዚህ አንድ ሳሎን፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ቢበዛ አንድ የሥራ ቦታ ተሠርቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል ግድ ሆነ። ካስተልቬትሮ በክርክር የደነገገውን ሕግ የሒሳብ ሹም በእርሳስ አጸናው።

ይህን ሥርዓት አጽንቶ ያቆመው ‹አይ ላቭ ሉሲ›፣ ማለትም ‹ሉሲን እወዳታለሁ› የተሰኘው ተከታታይ ነው። (ይህች ሉሲ በ1974 በሐዳር የተገኘችውና ኢትዮጵያውያን ድንቅነሽ የሚሏት አይደለችም።) ተከታታዩ ኦክቶበር 15 ቀን 1951 በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ ሲጀመር፣ ዋናዋ ተዋናይት ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ ከሆሊውድ መነሣት አልፈለጉም፤ ጣቢያው ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ ዘመኑ ልማድ ከኒውዮርክ በቀጥታ እንዲተላለፍ ይሻ ነበር። ከክርክሩ የወጣው መፍትሔ ለሙያው ታላቅ ነገር አስገኘ። ተውኔቱ በሆሊውድ ስቱዲዮ፣ 300 ያህል ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየው፣ በሦስት የፊልም ካሜራዎች በአንድ ጊዜ እንዲነሣ ተወሰነ። የካሜራና የመብራት ሥራውን የመራው፣ በ1927 ለታየው የጀርመን ፊልም ለ‹ሜትሮፖሊስ› ካሜራ ካነሡት ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ካርል ፍሮይንድ ነበር። በተለመደው የፊልም አሠራር ካሜራው አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር መብራት ይለወጣል፤ ተዋናዩም ቆሞ ይጠብቃል። ፍሮይንድ መብራቱን ከላይ አንጠልጥሎ ሦስቱም ካሜራዎች ሳያቋርጡ የሚያነሡበትን ወጥ ብርሃን አዘጋጀ።

ይህ ዘዴ የተውኔቱን ቦታ ምንነት ለወጠው። በስም ቦታው በኒውዮርክ ከተማ ያለ አንድ አፓርትማ ነው፤ በግብር ግን ቦታው አዳራሹ ሁሉ ነው። ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ሳቁ ሲበረታ ያራዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይፈጥናል። ያ የተመልካች ሳቅ በፊልሙ ላይ ተቀድቶ በየቤቱ ሲደርስ፣ ብቻውን የተቀመጠው ተመልካች ከ300 ሰዎች ጋር የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። እንግዲህ አንድ ተከታታይ ቦታውን ለቀቀ ሲባል፣ ሳሎኑን ብቻ ነው የለቀቀው ወይስ አዳራሹንም ጭምር ብሎ መጠየቅ ያሻል። ሐሜተኞቹ ይህን ሲለዩ እምብዛም አይታይም።

የሉሲ ታሪክ ይህን ልዩነት ለማየት ያመቻል። በአራተኛው ዓመት፣ በ1955 መጀመሪያ ላይ፣ የባንድ መሪው ሪኪ ሪካርዶ በፊልም እንዲሠራ ተጠርቶ ሚስቱን ሉሲን ይዞ ወደ ሆሊውድ ይሄዳል። የቤቱ አከራዮችና የልብ ጓደኞች የሆኑት ፍሬድና ኤተል መርትዝም አብረው ይጓዛሉ። ተመልካች አራቱን ሰዎች አገር አቋርጠው ሲደርሱ አያቸው። እውነቱ ግን ተዋንያኑ ከነበሩበት ስንዝር ያህል አልተንቀሳቀሱም፤ የኒውዮርኩም አፓርትማ ቀድሞውኑ የነበረው ሆሊውድ ውስጥ ነው። ከሚታወቁበት ቤት ወጥተው ወደ ሆሊውድ የሄዱት ሰዎች በዚያው በሆሊውድ ስቱዲዮ፣ በዚያው መብራት ሥር፣ በተመልካች ፊት ቆመው ነበር። አዲሱ ነገር ዲኮሩ ብቻ ነበር። የሆቴሉም ክፍል ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሳሎን ሆነ፤ በሩ ይንኳኳል፣ ኤተል ትገባለች፣ ተንኮል ይዶለታል።

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1955 የታየው ክፍል የታወቀ ነው። ሉሲ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዝነኛውን ተዋናይ ዊልያም ሆልደንን አፍጥጣ አይታው ስታበቃ በእርሱ ላይ ጣፋጭ ምግብ እንዲደፋበት ምክንያት ትሆናለች። በኋላም ሪኪ ሳያውቅ ይኸንኑ ሰው ወደ ሆቴሉ ይዞት ይመጣል። ሉሲ እንዳይለያት ሰው ሠራሽ አፍንጫ ተክላ ትቀርባለች፤ እንግዳው ሲጋራዋን ሊለኩስላት ሲል አፍንጫው በእሳት ይያያዛል። ይህ ነገር በኒውዮርኩ ሳሎን ሊደርስ አይችልም ነበር፤ ታላላቅ የፊልም ሰዎች በየመንገዱ የሚገኙት ሆሊውድ ነውና። ሉሲን ወደ ቅሌት የሚገፋት ፍላጎት ግን በመጀመሪያው ዓመት ከነበራት ፍላጎት የተለየ አይደለም። ወደ ዝነኞች ዓለም መግባት ትመኛለች፤ ባሏ ደግሞ እንድትገባ አይፈልግም።

በሚቀጥለው ዓመት ጉዞው ወደ አውሮፓ ሆነ። ሪኪ ባንዱን ይዞ ይዞራል፤ ፍሬድ ሥራ አስኪያጁ ሆኖ ይከተላል። ከዚህ ጉዞ ኤፕሪል 16 ቀን 1956 የቀረበው የኢጣሊያ ክፍል በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ ከሚታወሱት ትዕይንቶች አንዱን ይዟል። ሉሲ ለአንድ የኢጣሊያ ፊልም ትታጫለች፤ የአገሩን ጠባይ ልቅሰም ብላ ወደ ወይን መጭመቂያ ትሄዳለች፤ በበርሜሉ ውስጥ ከአገሬው ሴት ጋር ወይን ስትረግጥ ጠብ ተነሥቶ ሁለቱም በወይን ጭማቂ ይታሻሉ። ትዕይንቱን የሚያነሣ ሰው ሁሉ በርሜሉን ያነሣል። ፍጻሜውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሉሲ ገላዋ በወይኑ ቀለም ተነክሮ በመምጣቷ የፊልሙን ቦታ ታጣለች፤ ቦታው የሚሰጠውም ለኤተል ነው። በኢጣሊያ የተጀመረው ነገር የተቋጨው በኒውዮርኩ አፓርትማ ደረጃ ላይ ለዓመታት በዘለቀው የሁለት ሴቶች ወዳጅነትና ፉክክር ነው።

የተመልካች ቁጥርም ሐሜቱን አይደግፍም። ተከታታዩ በአውሮፓው ጉዞ ዓመት፣ በ1955–56፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሁለተኛነትን ደረጃ ይዞ ነበር፤ የቀደመው የጥያቄና መልስ ውድድር የነበረው ‹ዘ ሲክስቲ ፎር ታውዘንድ ዶላር ክዌስቸን› ነው። በመጨረሻው ዓመት ቤተሰቡ ኒውዮርክን ጨርሶ ለቆ በኮነቲከት ገጠር ቤት ገዛ። ይህ ከጉዞ የበለጠ ነገር ነው፤ ቤት መለወጥ ነውና። ተከታታዩ ግን በዚያው ዓመት ወደ አንደኛነት ተመለሰ፤ በ1957 ሲያበቃም በዚያው ደረጃ ላይ እንዳለ ነው።

በሉሲ ያልደረሰው ጉዳት በሌሎች አልደረሰም ማለት አይደለም። ወደ ብሪታንያ ሲሻገሩ ሐሜቱ በቂ ምክንያት የነበረው መሆኑ ይታያል። በ1971 ‹ኦን ዘ ባስስ› የተሰኘው የአውቶቡስ ሠራተኞች ኮሜዲ ወደ ሲኒማ ተዛውሮ በዚያ ዓመት በአገሩ እጅግ ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት ፊልሞች አንዱ ስለ ሆነ፣ ፊልም ሠሪዎች ወደ ቴሌቪዥን ኮሜዲ ተሯሯጡ። የሰላሳ ደቂቃውን ተውኔት ወደ ሰዓት ተኩል ለማስረዘም ቀላሉ መንገድ ሰዎቹን ለዕረፍት መላክ ሆኖ ተገኘ። የአውቶቡሶቹ ሰዎች ራሳቸው በ1973 ወደ ዕረፍት ካምፕ ተላኩ።

የዚህ ፈሊጥ ጉዳት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በ1977 በወጣው የ‹አር ዩ ቢይንግ ሰርቭድ› ፊልም ነው። ተከታታዩ ስለ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ሠራተኞች ሲሆን ስሙም ሻጭ ለገዢ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ የሚያስተናግድዎ ሰው አለ ወይ እንደ ማለት። በመደብሩ ውስጥ ማን ከማን በፊት ለገዢ እንደሚቀርብ፣ የወንዶች ልብስ ክፍል የት ላይ እንደሚያበቃና የሴቶቹ ከየት እንደሚጀምር፣ ማን ማንን በማዕረግ እንደሚጠራ የተወሰነ ነው። የኮሜዲው ነዳጅ ይህ የማዕረግ ጠብ ነበር። በፊልሙ ግን መደብሩ ይታደሳል ተብሎ ሠራተኞቹ ኮስታ ፕሎንካ ወደ ተባለ ልብ ወለድ የስፔን ከተማ ይላካሉ። በዚያ ገዢ የለም፤ መደርደሪያ የለም፤ አስተናጋጆቹ ራሳቸው ተስተናጋጅ ሆነዋል። የተከታታዩን ስም ያስገኘውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ተዋንያኑ ያው ናቸው፣ ቀልዱም ያው ነው፤ ግን ቀልዱ የሚያርፍበት ትከሻ የለም።

በዚያው ዘመን ይህን አደጋ ያወቁ የሚመስሉ ደራስያን ነበሩ። ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ የጻፉት ‹ፎልቲ ታወርስ› በ1975 እና በ1979 በድምሩ 12 ክፍል ብቻ ቀርቦ አበቃ። ቦታው በቶርኪ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ባለቤት ባዝል ፎልቲ እንግዳን እንደ ጠላት የሚያይ፣ ሚስቱን የሚፈራ፣ በባላባት ፊት የሚሽቆጠቆጥ ሰው ነው። ለፊልም የሚሆን ሐሳብ ተጠንስሶ ነበር፤ ባዝል ስፔናዊውን አስተናጋጁን የማኑዌልን አገር ሊያይ ወደ ባርሴሎና ሲበር አውሮፕላኑ ይጠለፋል፤ ባዝል በንዴት ጠላፊውን ያሸንፋል፤ አውሮፕላኑ ወደ እንግሊዝ ሊመለስ ነው ሲባል ደግሞ ራሱ ባዝል ይጠልፈዋል። ሐሳቡ ያስቃል፤ ፊልሙ ግን አልተሠራም።

ከ12ቱ ክፍሎች እጅግ ከሚታወሱት ትዕይንቶች አንዱ ከሆቴሉ ውጪ የተፈጸመ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በኦክቶበር 1975 በታየው ክፍል ባዝል የተከበሩ እንግዶችን ለእራት ጠርቶ ሳለ የወጥ ቤቱ ሹም ሰክሮ ይወድቃል። ባዝል ምግቡን ከሌላ ምግብ ቤት ሊያመጣ ይወጣል፤ መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ባዝል መኪናውን ይገሥጻል፣ ያስጠነቅቃል፣ ቆጥሮ ጊዜ ይሰጣል፤ በመጨረሻም የዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ አምጥቶ እንደ ባለጌ ልጅ ይገርፈዋል። ትዕይንቱ ከመንገዱ ላይ ተቆርጦ ቢቀርብ የአንድ ቁጡ ሰው ትርኢት ብቻ ነው። ሆድ እስኪያም የሚያስቀው፣ ተመልካች በሐሳቡ ያንን የመብል አዳራሽ፣ ሹካቸውን ይዘው የሚጠብቁትን እንግዶችና ጊዜ ለመግዛት የምትዳክረውን ሚስት እያየ ስለ ሆነ ነው። ባዝል ከሆቴሉ ወጥቷል፤ ሆቴሉ ግን ከባዝል አልወጣም።

ከሆሊውድ ጉዞዎች ሁሉ ስሙ የከፋው ግን ‹ሃፒ ዴይስ› ነው። ተከታታዩ በ1950ዎቹ በሚልዋኪ ከተማ ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ሲተርክ በ1974 ተጀመረ። በሴፕቴምበር 1977 ሰዎቹ ሁሉ ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳሉ፤ ፎንዚ የተባለው ጎረምሳም የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ በውሃ ላይ መንሸራተቻ አሣ ነባሪ መሰል አዳኝ ዓሣ፣ ማለትም ሻርክ፣ ይዘልላል። ትዕይንቱን ሄንሪ ዊንክለር ሲሠራ ዝላዩን ለሌላ ሰው ትቶ መንሸራተቱን በራሱ ችሎታ ፈጽሞታል። በ1985 አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ የአንድ ተከታታይ ውድቀት የጀመረበትን ቅጽበት ‹ሻርኩን ዘለለ› ብሎ ሰየመው፤ አባባሉም በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢንተርኔት አማካይነት ዓለምን አዳረሰ።

ተረት የሆነ ፍርድ ይግባኝ የለውም ይባል ይሆናል። የክፍሉ ደራሲ ፍሬድ ፎክስ ጁኒየር ግን በ2010 በሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ይግባኙን አቀረበ፤ ያንን ክፍል 30 ሚሊዮን ሰው እንዳየው፣ ተከታታዩም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት እንደ ቆየ አስረዳ። ስድስት ዓመት የቆየ ተውኔት በዚያች ዕለት ሞተ ማለት አስቸጋሪ ነው። በጥራት ረገድ ለውጥ ቢፈለግ ደግሞ ቀኑ ቀደም ይላል። ተከታታዩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአንድ ካሜራ፣ ያለ ተመልካች፣ እንደ ፊልም በለዘብታ ይነሣ ነበር። በ1975 ወደ ሦስት ካሜራና ወደ ተመልካች አዳራሽ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ፎንዚ በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ደራስያኑም ጭብጨባውን የሚመጥን ጀብዱ ሲፈልጉ ዳር ላይ የነበረው ጎረምሳ መሐሉን ያዘ። ሻርኩ የመጣው ከዚያ ጭብጨባ ነው። ሚልዋኪ ቢቀሩም አንድ ሌላ ነገር መዝለላቸው አይቀርም ነበር።

ክርክሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራው አንድ ደራሲ፣ ለአንድ ተከታታይ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት የጻፋቸውን ሁለት ጉዞዎች ማነጻጸር ነው። የጆን ሱሊቫን ‹ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ› በ1981 ተጀምሮ በደቡብ ለንደን በፔካም ስለሚኖሩት ስለ ዴልና ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ሮድኒ ይተርካል። ዴል በገበያ ብልሹ ዕቃ ይሸጣል፤ ነገ ሚሊየነር እንደሚሆን ዛሬ ይምላል። በ1989 የገና ዕለት በቀረበው ክፍል የሰፈሩ ወንዶች በሙሉ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ማርጌት የባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። በ1991 የገና በዓል በቀረቡት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻቸውን ወደ ማያሚ ይበራሉ።

የማርጌቱ በተከታታዩ ወዳጆች ዘንድ እስከ ዛሬ በፍቅር ይነሣል፤ የማያሚው ግን ከብዙዎቹ አድናቆት አላገኘም። ርቀቱ ወይም ወጪው አይደለም ልዩነቱን ያመጣው። ወደ ማርጌት ሲኬድ ፔካም ሁለመናዋን ጠቅልላ ተሳፍራለች፤ ዴልን ከልጅነቱ የሚያውቁት፣ ብድር ያለባቸውና ያለባቸውም የሚመስላቸው፣ ውሸቱን ከእርሱ ቀድመው የሚጨርሱለት ሰዎች አብረውት ናቸው። አውቶቡሱ እንኳ በእሳት የሚጋየው ዴል ራሱ ባቀረበው ብልሹ ራዲዮ ምክንያት ነው። የሸጠው ዕቃ ባሕር ዳር ድረስ ተከትሎ ደረሰበት። ጉራ የሚነፋ ሰው ደግሞ ጉራ መሆኑን የሚያውቅ አድማጭ ያስፈልገዋል። በማያሚ ዴልን የሚያውቅ እምብዛም የለም፤ በዚያ ላይ ከአንድ የማፊያ አለቃ ጋር መልኩ አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ ይሳደዳል። ዴል ስለ ራሱ የሚዋሸው ነገር ዋጋ አጣ። ሁለተኛው ክፍል ያለ ተመልካች ሳቅ በመቅረቡም ሳሎኑም አዳራሹም በአንድ ጊዜ ቀሩ። የቀረው ፀሐይ፣ ዘንባባና የመኪና ሩጫ ነው፤ ይህን ደግሞ የአሜሪካ ፊልሞች ከፔካም ሰዎች አብልጠው ያውቁበታል።

ከቤት አለመውጣትም ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ‹ቺርስ› አሳይቷል። በ1982 ሲጀመር የመጀመሪያው ዓመት በሙሉ በአንድ የቦስተን መጠጥ ቤት ውስጥ ተፈጸመ፤ የአንዲቱን ገጸ ባሕርይ መኖሪያ ቤት ተመልካች ያየው በሁለተኛው ዓመት ነው። በመጀመሪያ ተመልካች ያጣው ይህ ተከታታይ 11 ዓመት ቆየ። መጠጥ ቤቱ በር ስላለው፣ ዓለምም በዚያ በር ስለምትገባ፣ መውጣት አላስፈለገም።

የቺርስ ተቃራኒ የሚመስለው ‹ሳይንፌልድ› ነው። በ1991 በታየ አንድ ክፍል አራቱ ጓደኛሞች በገበያ ማዕከል ሕንፃ ውስጥ መኪናቸውን ያቆሙበት ቦታ ጠፍቷቸው ሰላሳውን ደቂቃ ሲንከራተቱ ይውላሉ። የተለመደው አፓርትማም ሆነ ምግብ ቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። ለቀረጻው ቋሚው ዲኮር ከስቱዲዮው ተነሥቶ መኪኖች ገቡ፤ ቦታው ሰፊ እንዲመስልም መስተዋቶች ቆሙ። ከቤት ወጣ ከተባለ ከዚህ የበለጠ አወጣጥ የለም። ነገር ግን አራቱ ሰዎች እዚያም እንደ ሳሎኑ ይጨቃጨቃሉ፣ ይዋሻሉ፣ በትንሹ ነገር ይፈራረዳሉ፤ አምድና መኪና ብቻ ያለው ያ ሕንፃ ከሳሎኑ ይልቅ ያፈናቸዋል። ክሬመርን የሚጫወተው ማይክል ሪቻርድስ በካርቶን የሚሸከመው የአየር ማቀዝቀዣ እውነተኛ ይሁንልኝ ብሎ ክብደቱን እየተሸከመ ሠራ። በጽሑፉ መሠረት በመጨረሻ መኪናዋ ተገኝታ ሰዎቹ ነድተው መሄድ ነበረባቸው። ካሜራው እየሠራ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እምቢ አለ። ይህ ማንም ያልጻፈው ነገር ስለ ነበር ተዋንያኑ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አዘጋጆቹም ትዕይንቱን እንዳለ ተዉት፤ መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።